ከመጅ እስከ ሞተር፦ እህል መፍጨትና ፈጪዎች በኮልፌ ቀራንዮ

በነፋስ የሚዞር የእህል ወፍጮ በኢትዮጵያ ደጋ የመንደር ኑሮ አካል ሆኖ አያውቅም። በዛሬዎቹ ኢራንና አፍጋኒስታን ድንበር ላይ በምትገኘው በሲስታን ምድር ነፋስ ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለወፍጮ ሲያገለግል፣ የሰሜን ምዕራብ አውሮፓ መንደሮችም በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የነፋስ ወፍጮ በየኮረብታቸው ሲያቆሙ፣ የኢትዮጵያ ገበሬ ነፋስን የተጠቀመበት በዐውድማ ላይ፣ ያውም እህሉን ከገለባው ለመለየት ብቻ ነበር። በበሬ የተበራየውን ሰብል በመንሽ፣ ማለትም ጣት ባለው የእንጨት መበተኛ፣ ቀጥሎም ላይዳ በሚባለው ጠፍጣፋ የእንጨት አካፋ ወደ ላይ እየበተኑ እብቁን ለነፋስ መስጠት ከኅዳር እስከ ጥር ጠንክሮ የሚነፍሰውን ደረቅ የበጋ ነፋስ የሚጠይቅ ሥራ ሲሆን፣ ይኸው ነፋስ ክረምት ሲገባ ስለሚዳከም ዓመቱን ሙሉ ዱቄት ለሚፈልግ ቤት የሚታመን ጉልበት አልነበረም። የአየሩ ጠባይ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ እንጂ ዋነኛው አይደለም። ዋነኛው ምክንያት ለመፍጨት ሌላ ጉልበት እንዲፈለግ የሚያስገድድ ነገር ለብዙ ዘመን አለመኖሩ ነው፤ የሴት ክንድ በየቤቱ ነበረና።

ይህን ታሪክ ከአንድ አካባቢ ተነሥቶ ለመከታተል የምዕራብ አዲስ አበባው ኮልፌ ቀራንዮ የተመቸ ነው። አካባቢው ስሙን ያገኘው ከኮልፌ ሰፈርና መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ካለበት ከቀራንዮ ሲሆን፣ በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በክፍላተ ከተማ ስትከፈል ሁለቱ ስሞች ተጣምረው የአንድ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆነዋል። በምዕራብ በኩል የወጨጫ ተራራ ይታየዋል፤ ከዚያ አካባቢ ተነሥቶ በገፈርሳ በኩል የሚወርደው ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ምዕራባዊ ክፍል አቋርጦ ወደ ደቡብ ይፈስሳል፤ የአምቦና የጅማ መንገዶችም ከከተማዋ የሚወጡት በዚሁ በምዕራቡ በር ነው። የበቾ ሜዳ ጤፍና ሽምብራ፣ የወጨጫና የሆለታ አካባቢ ገብስና ስንዴ ወደ ከተማ ሲገቡ በዚህ አካባቢ ያልፋሉ። ከአንድ ሰው ዕድሜ ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ገጠር የነበረው ምድር በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ400 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርበት ሆኖ ስለተገኘ፣ የድንጋዩ ወፍጮና የኤሌክትሪኩ ወፍጮ በአንድ ቤተሰብ ትዝታ ውስጥ ጎን ለጎን የሚገኙበት ቦታ ነው።

የቤት ወፍጮ ሁለት ድንጋይ ነው። ወፍጮ የሚባለው ትልቁና ጠፍጣፋው፣ በጭቃና በድንጋይ በተሠራ መደብ ላይ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ የሚቀመጠው የታችኛው ሲሆን፣ መጅ የሚባለው ደግሞ በሁለት እጅ ተይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚገፋው የላይኛው ነው። ዱቄቱ በወፍጮው ጫፍ በኩል ከሥር ወደተበጀው ጎድጓዳ ማጠራቀሚያ ይወርዳል። መሣሪያው እጅግ ጥንታዊ ነው፤ በምሥራቅ ትግራይ በምትገኘው በመዝበር በተደረገ የመሬት ቁፋሮ ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበሩ ሰዎች የተጠቀሙባቸው የመፍጫ ድንጋዮች ተገኝተው ተጠንተዋል። ድንጋዩን ከተራራ ፈልጦ ቅርጽ የሚያስይዘው ወንድ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የምትገፋው ሴት መሆኗም በደጋው ሁሉ የኖረ የሥራ ክፍፍል ነው።

ወፍጮ ሲሠራበት ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ወፍጮ ደግሞ እህሉን ያንሸራትተዋል እንጂ አያደቅም። ስለዚህ በየጊዜው መወቀር አለበት፤ መውቀር ማለት ሹል በሆነ ጠንካራ ድንጋይ ወይም ብረት ፊቱን እየነቀሱ እንደገና ማሻከር ነው። የተወቀረ ወፍጮ በመጀመሪያ የሚያወጣው ዱቄት አሸዋ ስለሚቀላቀልበት ብልህ ባልቴት ጥቂት እንክርዳድ ወይም ተራ እህል ፈጭታ ድንጋዩን ታጠራለች። ይህ ዕውቀት በማንም አልተጻፈም፤ ከእናት ወደ ልጅ በክንድ የተላለፈ ነው። ጤፍ ከሁሉ ደቃቅ ስለሆነ ድካሙ ብዙ ነው፤ ሽሮ ከመፈጨቱ በፊት መቆላትና መከካት፣ በሶ ደግሞ መቆላት ይፈልጋል፤ በርበሬ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ሥራው የሚጀመረው ገና ሳይነጋ ስለነበር በደጋው መንደሮች ከዶሮ ጩኸት ጋር የሚሰማው የመጅ ድምፅና የፈጪዎች እንጉርጉሮ ነበር።

ከዚህ ሥራ ነፃ የምትሆን ሴት ሌላ ሴት የምትፈጭላት ብቻ ነበረች። በባለጸጎችና በመኳንንት ቤት ፈጪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ባሪያዎች ሲሆኑ፣ በነገሥታቱ ግቢ ደግሞ ፈጪ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ጠላና ጠጅ ጣይ እየተባሉ በየሥራቸው የተመደቡ ብዙ ሴቶች ይኖሩ ነበር። ሠራዊት ሲዘምትም ስንቅ ፈጭተው የሚያዘጋጁ ሴቶች አብረው ይጓዙ ነበር። ገባሩም ከዚህ ሸክም አላመለጠም፤ በተለይ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተስፋፋው የገባርና የነፍጠኛ ሥርዓት ገባሩ ለጌታው አጥር ማጠርና ቤት መሥራት ሲኖርበት ሚስቱ ደግሞ እህል ተቀብላ ፈጭታ የመመለስ ግዴታ ነበረባት።

ይህ ግዴታ ከአውሮፓው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጉልህ ነው። በአውሮፓ የመሬት ጌታ የውሃ ወይም የነፋስ ወፍጮ አሠርቶ ገበሬው በዚያ ብቻ እንዲያስፈጭና ከዱቄቱ ድርሻ እንዲከፍል ያስገድድ ነበር፤ በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የቅዱስ አልባንስ ገዳም አበምኔት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነዋሪውን የእጅ ወፍጮ ሁሉ ወርሶ በድንጋዮቹ ወለል እስከማስነጠፍ ደርሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1381 ሕዝቡ ሲያምፅ በመጀመሪያ ከፈጸማቸው ነገሮች አንዱም ያን ወለል ነቅሎ ድንጋዩን መከፋፈል ነበር። የኢትዮጵያ ጌታ ግን ወፍጮ በማቆም የሚያገኘው ጥቅም አልነበረውም፤ ዱቄቱ ተፈጭቶ በደጃፉ ይደርስለታልና። እንግዲህ በኢትዮጵያ የወፍጮ ሠሪ ስም፣ የወፍጮ ቀረጥና የወፍጮ ክርክር በታሪክ መዛግብት እምብዛም የማይገኘው ሥራው ትንሽ ስለነበረ ሳይሆን፣ ሥራው እንደ ሙያ ስላልተቆጠረ ነው። ለየት ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለቅዱስ ቁርባን የሚሆነውን ኅብስት በቤተ ልሔም፣ ማለትም ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ባለችው የመሥዋዕት ማዘጋጃ ቤት፣ የሚያዘጋጁት ዲያቆናት ናቸው፤ ሴት በማይገባባቸው ገዳማትም መጅ የሚገፋው መነኩሴው ራሱ ነው።

የውሃ ወፍጮ ወደ ሸዋ ለመግባት ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ የሚታወቀው ከአንኮበር ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1805–1840 ዓ.ም.) ድሜጥሮስ የተባለ ከባሕር ማዶ የመጣ ባለእጅ የውሃ ወፍጮ አቁሞ እንደነበርና ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስላወገዙት እንደተተወ፣ በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ሸዋ የገባው ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ጽፏል። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ካህናቱ ለአዲስ ነገር የነበራቸውን ጥላቻ ለማሳየት ነው። ሆኖም ውግዘቱ ብቻውን ነገሩን አይገልጸውም፤ በዚያው ቤተ መንግሥት የውጭ አገር ጠመንጃ በደስታ ይገባ ነበርና። ጠመንጃ ለንጉሡ ሌላ ምንም የማይተካው ኃይል ሲሆን፣ የውሃው ወፍጮ ግን በግቢው ውስጥ ደመወዝ ሳይከፈላቸው ይሠሩ የነበሩትን ፈጪዎች ከመተካት ያለፈ ጥቅም አልነበረውም፤ የሚከራከርለት ሰው ያጣውም በዚህ ይመስላል። ከጊዜ በኋላ የውሃ ወፍጮ በጎጃም፣ በጎንደርና በሰሜን ሸዋ ወንዞች ዳር እየተተከለ መንደሮችን ማገልገል ጀምሯል።

በአዲስ አበባ ምዕራብ ግን ወፍጮ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ዋና ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደውን መንገድ በዚሁ በምዕራብ በኩል ሲያስወጡ፣ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» እየተባለ ለከተማው ሕዝብ ታላቅ ትርዒት ሆኖ ነበር። የሞተር ወፍጮ በኋላ ወደ ገጠር ሲገባም ይኸው ባቡር የሚለው ስም ተሰጥቶት እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ገበሬ «ባቡር ቤት ሄደች» ሲል ሚስቱ እህል ልታስፈጭ መሄዷን መናገሩ ነው።

የወፍጮ ሥራ መልኩን የለወጠበት ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ ነው። ጣሊያኖች ዳቦና ፓስታ የሚበላ ሠራዊትና ሰፋሪ ስለነበራቸው ዱቄት በብዛት ያስፈልጋቸው ነበር፤ የቃሊቲው የምግብ ፋብሪካም የተቋቋመው በዚያ ዘመን ነው። በከተማዋ ፕላን ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ሲሉ የአገሬውን ሕዝብ ወደ ምዕራብ በመግፋት መርካቶን ሲመሠርቱ፣ ከመርካቶ ጀርባ ያለው ኮልፌ የከተማዋ ቀጣይ መስፋፊያ ሊሆን ቻለ። የወፍጮ መካኒኮች እስከ ዛሬ የሚጠሯቸው ክፍሎች፣ ኃይል የሚያስተላልፈው ቀበቶ ቺንጋ፣ ቀበቶው የሚጠመጠምበት መዘውር ፑሌጃ፣ ዘንጉ ተደግፎ የሚሽከረከርበት ክፍል ኩሽኔታ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው።

ወንዙም ቢሆን ሥራ ሳይሰጠው አልቀረም። በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚሳሳው ትንሹ አቃቂ ከታላቁ አቃቂ ጋር በከተማዋ ደቡብ በአባ ሳሙኤል ግድብ ይጠራቀማል። በ1920ዎቹ ተጀምሮ በጣሊያን ዘመን የተጠናቀቀው የአባ ሳሙኤል ኃይል ማመንጫ 6.6 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም የነበረው ሲሆን፣ ለአዲስ አበባ መብራትና ለሞተሮቿ ዋነኛ የኃይል ምንጭ ሆኖ ለዓመታት ካገለገለ በኋላ በደለል ተሞልቶ ሥራ አቁሞ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት በቻይና እርዳታ ታድሷል። የመብራት ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. መቋቋሙና ከ40 ሜጋዋት በላይ የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. መመረቁ በናፍጣ ይሠሩ የነበሩትን የከተማ ወፍጮዎች ወደ ኤሌክትሪክ ለማዞር በር ከፍቷል። በኮልፌ አጠገብ የሚፈሰው ውሃ ድንጋይ ማዞር የቻለው እንዲህ በሩቅ ዞሮ፣ በሽቦ ተመልሶ ነው።

በዚሁ ወቅት ሌላ ለውጥም ነበር። በ1916 ዓ.ም. ባሪያን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ከታወጀ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ባርነት ፈጽሞ በሕግ ተሻረ፤ ገባሩ ለጌታው ይሰጥ የነበረው የጉልበት አገልግሎትም ከነፃነት በኋላ በወጡት የግብር ደንቦች ቀረ። ያለ ክፍያ የሚፈጭ እጅ እየጠፋ ሲሄድ ለመኳንንቱና ለባለጸጋው ቤት ዱቄት ዋጋ የሚከፈልበት ነገር ሆነ። የሞተር ወፍጮ ገበያ ያገኘው በዚህ ጊዜ መሆኑ እንዲያው የተገጣጠመ አይመስልም፤ ማሽኑ ከ1928 ዓ.ም. በፊትም በዓለም ገበያ ሲሸጥ የኖረ ዕቃ ነበርና።

ወደ ኮልፌ የገባው ሕዝብ ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። የአካባቢው ኦሮሞ ገበሬ፣ ከጉራጌና ከስልጤ ምድር ወደ መርካቶ ንግድ የመጣው ሰው፣ ከሰሜን ሸዋና ከሌላም ስፍራ የተሰደደው ሁሉ በአንድ ሰፈር ተጎራበተ። ከእንሰት አገር የመጣው ሰው መደበኛ ምግቡ የነበረው ቆጮ ተፍቆና ተቀብሮ የሚዘጋጅ እንጂ የሚፈጭ ስላልሆነ፣ ለብዙ ቤተሰቦች ወፍጮ ቤት መሄድ ከእንጀራ ጋር አብሮ የተለመደ የከተማ ልማድ ነው። በሥጋ ቤት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በየፊናው ይሄዳል፤ ወፍጮ ቤት ግን እንዲህ ያለ መለያየት ኖሮት አያውቅም። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ የሽሮ እህል፣ ረመዳን ሲቃረብ የሾርባ ገብስ፣ ዓመት በዓል ሲደርስ በርበሬ እየበዛ አንዱ ወረፋ ሁሉንም ያስተናግዳል።

የሰፈር ወፍጮ ቤት አሠራሩ ቀላል ነው። በቆርቆሮ ግድግዳ በተሠራ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ክብ ድንጋዮች ፊት ለፊት ተጋጥመው ይቆማሉ፤ አንዱ ከቦታው አይነቃነቅም፣ ሌላው በሞተሩ ኃይል ይሽከረከራል። እህሉ ከላይ ባለው ሰፊ አፍ ገብቶ በድንጋዮቹ መካከል ካለፈ በኋላ ከሥር በታሰረው ጨርቅ በኩል ወደ ከረጢት ይወርዳል፤ ፈጪው አንዲት ጥርስ ያላት ብሎን በማጥበቅ ወይም በማላላት ዱቄቱን ያልማል ወይም ያሻክራል። ዱቄቱ ሲወጣ በሁለት ጣቶቹ መካከል አሽቶ ይፈትነዋል፤ ከተቃጠለ ወይም ከሻከረ ብሎኑን መልሶ ያስተካክላል፤ ድንጋዩ ሲለሰልስ ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የተጋጠሙትን ድንጋዮች ለያይቶ፣ በመዶሻና በመውቀሪያ ብረት ለሰዓታት ይወቅረዋል። ባልቴቷ በቤቷ ወፍጮ ላይ ትሠራው የነበረው ሥራ ሳይለወጥ ወደ ማሽኑ ተሸጋግሯል ማለት ነው። በርበሬ የተፈጨበት ድንጋይ ጤፍ ስለሚያበላሽ የተለየ ወፍጮ ይዘጋጅለታል፤ በዚያኛው ክፍል የሚሠራው ሰው አፍንጫውን በሻሽ ሸፍኖ ቢውልም ሳል አይለየውም፤ የዱቄት ብናኝም በየወፍጮ ቤቱ የሠራተኛውን ሳንባ የሚጎዳ መሆኑ በሕክምናው ዘንድ የታወቀ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ሠራተኛ ወንድ መሆኑ ነው። መፍጨት ለብዙ መቶ ዓመታት የሴት ግዴታ ሆኖ ሲቆይ ስምም ዋጋም አልነበረውም፤ ሞተር ገብቶ በኪሎ ሂሳብ ሲከፈልበት ግን ባለወፍጮ የሚባል ባለንብረትና ደመወዝተኛ ፈጪ ተፈጠረ። ሴቷ ወረፋ ጠባቂ አስፈጪ ሆነች። ከድካም አርፋለች፤ ይህን ማንም ሊክደው አይችልም፤ ነገር ግን ዕውቀቷ ወደ ገንዘብ በተለወጠበት ጊዜ ከገንዘቡ አልተካፈለችም። በወፍጮ ንግድ ዙሪያ የሴት ሥራ ሆኖ የቀረው ማበጠርና መልቀም ነው፤ በመርካቶው እህል በረንዳ አካባቢ እህል በሰፌድ እያበጠሩ የሚያድሩ ሴቶች ዛሬም የሚታዩ ናቸው።

የ1966ቱ አብዮት ወፍጮውንም ነክቶታል። በ1967 ዓ.ም. ትልልቅ ፋብሪካዎች ሲወረሱና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ በየቀበሌው የተቋቋሙት ማኅበራት ከሸማቾች ሱቅ ጋር ወፍጮ ማንቀሳቀስ ጀመሩ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የእህሉን ንግድ በእጁ ስላደረገ፣ ቀበሌው በራሽን የሰጠውን ጤፍ በቀበሌው ወፍጮ ማስፈጨት የዘመኑ ሥርዓት ሆነ፤ ዋጋው ዝቅተኛ፣ ወረፋው ግን ረጅም ነበር። በ1982 ዓ.ም. የእህል ንግድ ለግል ነጋዴ ሲፈቀድ የግል ወፍጮ ቤቶች እንደገና በዙ። በኮልፌ ቀራንዮ ሰፈሮችም፣ በየአየር ጤናው፣ በየቤተሉና በየካራ ቆሬው፣ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ ወፍጮው ከዳቦ ቤቱና ከእህል መደብሩ ጋር አብሮ ይተከላል።

ነፋስም በመጨረሻ ወደዚህ ታሪክ ገብቷል። በ1960ዎቹ በኦሞ ወንዝ ዳር የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ሸራ ባላቸው የነፋስ መዘውሮች ውሃ እየሳቡ እርሻ ያጠጡ ነበር፤ ያ ሥራ ግን መስኖ እንጂ ወፍጮ አልነበረም። በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋዋት የሚያመነጨው አዳማ አንድ፣ በ2006 ዓ.ም. 120 ሜጋዋት ያለው አሸጎዳ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋዋት ያለው አዳማ ሁለት ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ከነፋስ የሚገኘው ኃይል ከውሃው ጋር በአንድ መረብ ይጓዛል። የበጋው ነፋስ የግድቦች ውሃ በሚቀንስበት ወቅት መጠንከሩ ለኤሌክትሪኩ ተመራጭ አድርጎታል፤ ለጥንቱ ቤት ወፍጮ ሳንክ ሊሆን ይችል የነበረው የወቅት መለዋወጥ ዛሬ ለመሐንዲሶቹ ጥቅም ሆኗል። መብራት ሲጠፋ ግን ይህ ሁሉ አይረዳም፤ ፈጪው ሞተሩ ሥር ተቀምጦ፣ አስፈጪዎቹም ማዳበሪያቸውን (ፕላስቲክ ከረጢት በከተማው የሚጠራበት ስም ነው) በወረፋ ቅደም ተከተል ደርድረው ይጠብቃሉ።

የስንዴ ዱቄት ከፋብሪካ ታሽጎ መምጣቱ ከተለመደ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ጤፍ ግን አብዛኛው አሁንም በሰፈር ወፍጮ ነው የሚፈጨው። የዱቄት መቀላቀል ወሬ በሰፋባቸው ዓመታት፣ በእንጀራ ውስጥ ጀሶ ተገኘ ተብሎ ሰዎች ሲያዙ፣ እህሉን ራሷ ገዝታ፣ ለቅማ፣ አጠገቡ ቆማ የምታስፈጭ ሴት ቁጥር እንዳልቀነሰ መገመት ይቻላል። ሌላም ምክንያት አለ፤ የጤፍ ዋጋ ሲወደድ ቤተሰብ ጤፉን ከሩዝ ወይም ከማሽላ ጋር እንደ አቅሙ መጥኖ ያስፈጫል፤ ይህን ምጣኔ የሚወስነው ፋብሪካ ሳይሆን የዚያ ወር በጀት ነው።